ጥሩ ካርታ መቼ ይጣላል? ሰው በበዛበት ፖት የሚያዙና የሚጣሉ እጆች ንጽጽር

እሑድ ማታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ካዚኖ፣ የ1 እና 3 ዶላር የቴክሳስ ሆልደም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊቴ 300 ዶላር አለ። አስና ኬ መጣልኝ። 15 ዶላር አልኩ። አራት ሰው ተከተለኝ። ፖቱ 75 ዶላር ሆነ። ዲለሯ ሦስቱን ካርታ ገለበጠች፦ ኬ ኸርት፣ 9 ኸርት፣ 8 ክለብ።

ደስ አለኝ። ከፊቴ ያሉት ሁለቱ ቼክ አሉ። 50 አስያዝኩ። ቀጥሎ ያለው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ 50 ወረወረ። ከሱ ቀጥሎ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቡና ከመጠጣት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ቺፓቸውን ቀስ ብለው ቆጠሩና 150 ገፉ። ሁለቱ የፊት ተጫዋቾች ወዲያው ጣሉ። ተራው ወደኔ ዞረ።

«አስ ኬ ይዤ እንዴት እጥላለሁ?» አልኩ በሆዴ። 100 ጨመርኩ። ልጁ ጣለ። አራተኛው ካርታ 2 ሆነ። ሽማግሌው ኦል ኢን አሉ። እኔ የቀረኝ 135 ነው። ከፈልኩ። ሁለት 9 ገለጡ። የመጨረሻው ካርታ ምንም አልረዳኝም። ሽማግሌው ቺፑን እየደረደሩ ቡናቸውን ፉት አሉ። እኔ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

7 እና 2 ይዞ መጣል ማንም ይችላል። ኪስ የሚያራግፈው «ጥሩ» የሚባለው ካርታ ነው፤ በተለይ አራትና አምስት ሰው ፍሎፕ ባየበት ፖት። የ1 እና 3 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ፖት በየደቂቃው ነው። ስለዚህ እዚህ መጥፎ ካርታን አልነካም። «ደህና» የምንላቸውን እጆች አንድ በአንድ አስቀምጬ፣ የትኛው ሕዝብ ሲበዛ ይፈርሳል፣ የትኛው ይጠነክራል የሚለውን አነጻጽራለሁ። የጨዋታውን ደንብ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ቃላቱ ትንሽ። ፖት መሃል ላይ የተጠራቀመው ብር ነው። ኮል ማለት ሌላው ያስያዘውን ያህል መክፈል፣ ሬይዝ በላዩ መጨመር፣ ብላፍ ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት ነው። ቼክ ሳያስይዙ ተራን ማሳለፍ፣ ኦል ኢን የቀረውን ብር ሁሉ ማስያዝ ነው። ፍሎፕ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ተርን አራተኛው፣ ሪቨር አምስተኛው። ፍላሽ አምስት አንድ ዓይነት ካርታ (ሁሉም ኸርት ለምሳሌ)፣ ስትሬት አምስት ተከታታይ፣ ፉል ሃውስ ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ ነው፤ «ያልሞላ» ስል አንድ ካርታ የቀረው ማለቴ ነው። ኪከር ከጥንዱ ጎን ያለው ካርታ ነው። አንድ ችግር ግን አለ። እጃችሁ ላይ ያለው ጥንድ ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛውን ሲያገኝ የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ስም በፊደላችን ሲጻፍ «ሴት» ይሆናል። «ሴት ይዤ ተሸነፍኩ» ብዬ ጽፌ ባለቤቴ ብታነበው ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ «ሦስት ተመሳሳይ» እላለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ካርታውን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝነው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር አያለሁ። ሁለቱ ላይ ቆም እላለሁ፤ ሦስቱን ቶሎ ቶሎ።

አንደኛው የሰው ብዛት ነው። ከሁሉም የሚበልጠውን መነሻ እጅ፣ ሁለት አስ፣ እንውሰድ። የዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ብትገጥሙ ከመቶ 85 ጊዜ ታሸንፋላችሁ። ሁለት ሰው ሲሆኑ 73። ሦስት ሲሆኑ 64። አራት ሲሆኑ 56። አምስት ሲሆኑ 49። ሁለት አስ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ስድስት ሰው ባለበት ፖት እኩል ድርሻ 17 በመቶ አካባቢ ሆኖ ሳለ 49 ማግኘት ሎተሪ ነው። ግን ከሁለት ጊዜ አንዴ ትሸነፋላችሁ። የጨዋታው ንጉሥ እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ኬ ጥንድ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ብላፍ የመያዝ ኃላፊነት የማን ነው? ፖቱ 100 ነው እንበል። አንዱ 100 አስያዘ። ባዶ እጁን ከሆነ፣ 100 ለማግኘት 100 እያጋለጠ ነው። ስለዚህ ከሁለት ጊዜ አንዴ ከተሳካለት አይከስርም። ፊት ለፊቱ እናንተ ብቻ ካላችሁ፣ ከግማሽ በላይ ከጣላችሁ ዝም ብሎ ይዘርፋችኋል። ሸክሙ በሙሉ የእናንተ ነው።

አሁን ሦስት ሁኑ። እያንዳንዳችሁ ከመቶ 79 ጊዜ ብትጥሉ እንኳ ሦስታችሁም በአንድ ላይ የምትጥሉት ከመቶ 50 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። 0.79ን ሦስት ጊዜ አባዙት፣ ግማሽ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ከመቶ 21 ያህሉን መያዝ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። «እኔ ካልከፈልኩ ማን ሊይዘው ነው?» የሚለው ስሜት ሁለት ሰው ባለበት ፖት ላይ ትክክል ነው። አምስት ሰው ባለበት ግን ጎረቤታችሁም አለ።

አስያዡም ይሄን ያውቃል። አራት ሰው ላይ ባዶ እጁን የሚገፋ ጥቂት ነው። አንዱ አስይዞ፣ ሌላው ከፍሎ፣ ሦስተኛው ሬይዝ ሲያደርግ ደግሞ እነዚያ ሽማግሌ ያደረጉትን እያደረገ ነው። ገንዘብ ይዋሻል፣ ግን በብዙ ሰው ፊት ብዙም አይዋሽም።

ሦስተኛው ከኋላችሁ ማን አለ የሚለው ነው። እናንተ ከፍላችሁ ዙሩ የሚዘጋ ከሆነ ዋጋው የታወቀ ነው። ከኋላችሁ ሁለት ሰው ካለ ግን 50 ከፍላችሁ 200 ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከኋላ ያለ ሰው ሁሉ ዋጋውን እንደሚያስወድድ ቁጠሩት።

አራተኛው ካርታው ወዴት ያድጋል? አንድ ጥንድ ከሁለት ጥንድ አልፎ ብዙም አይሄድም። የአስ ፍላሽ ከሞላ በአብዛኛው የሚበልጠው የለም። ሰው ሲበዛ የሚጠቅመው አሁን የሚመራው ሳይሆን በመጨረሻ የማይበለጠው ነው።

አምስተኛው ዋጋና ቀሪ ብር። ዋጋው ቀላል ስሌት ነው፦ የምትከፍሉትን፣ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ለሚኖረው ጠቅላላ ፖት አካፍሉት። የፖቱን ግማሽ ሲያስይዙባችሁ 25 በመቶ ያስፈልጋችኋል፤ ሙሉውን ሲያስይዙባችሁ 33። ቀሪ ብር ደግሞ ፊታችሁ ያለው ከፖቱ ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ከሆነ ጥሩ ጥንድ ይዞ መግባት ያስኬዳል። አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንድ ጥንድ ብሩን በሙሉ የሚከፈልበት እጅ አይደለም። እኔ ያን ማታ 285 ዶላር ነበረኝ፣ ፖቱ 75። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እጆቹ በየተራ

*ቶፕ ፔር፣ ጥሩ ኪከር ያለው።* ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትልቁን ካርታ የሚገጥም ጥንድ ነው። አስ ኬ ይዛችሁ ኬ ሲወጣ ማለት ነው። ብዙ ብር የሚበላው እሱ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

ወደዚያ ማታ እንመለስ። ሽማግሌው 150 ሲሉ ፖቱ ውስጥ 325 ዶላር ነበረ። እኔ 100 መክፈል ነበረብኝ። 100ን ለ425 ስናካፍል 23.5 በመቶ ነው። ከአራት አንዴ ገደማ ማሸነፍ አለብኝ። እሺ፣ ምን ሊኖራቸው ይችላል? ሁለት 9 በሦስት መንገድ ይሰራል። ሁለት 8 በሦስት። ተመሳሳይ ዓይነት ኬ እና 9 በሁለት። ተመሳሳይ ዓይነት 9 እና 8 በሁለት። አሥር መንገድ፣ ሁሉም ይበልጠኛል። ሦስት ተመሳሳይ ካላቸው ደግሞ የማሸነፍ ዕድሌ ከመቶ 1 ብቻ ነው።

እኔ የምበልጠው ምን አለ? ያልሞላ የኸርት ፍላሽ፣ ያልሞላ ስትሬት (ጄ እና 10 ለምሳሌ)። ሌላ ያን ያህል የለም። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም ሬይዝ ያላደረጉ ሰው፣ ባልሞላ ፍላሽ ወይም ስትሬት፣ አንዱ አስይዞ ሌላው በከፈለበት ላይ 150 ይገፋሉ? በዚያች 30 ሰከንድ ውስጥ ይሄን ጠይቄ ቢሆን እጥለው ነበር። እኔ የጠየቅኩት «አስ ኬ ይጣላል ወይ?» ብዬ ነው። በዚያ ላይ 100ው የመጨረሻ ክፍያ አልነበረም። 135ቱ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ያው ካርታ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ግን አንድ ወጣት ብቻ ፊት ለፊቴ ሆኖ ሬይዝ ቢያደርግ? እከፍላለሁ። ወጣት ባልሞላ ፍላሽ ይገፋል፣ በኬ ጄ ይገፋል፣ በንዴትም ይገፋል።

እንግዲህ አራትና አምስት ሰው ባለበት አንዴ አስይዙ፣ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ከከፈላችሁ ተርን ላይ አስቡበት። ሬይዝ ከመጣና መሃል ላይ የከፈለ ሌላ ሰው ካለ ጣሉት። ኪከሩ ደካማ ከሆነ፣ ኬ ከ10 ጋር ምናምን፣ ፍሎፕ ላይ ቼክ ማለትም ነውር አይደለም።

*ከጠረጴዛው በላይ ያለ ጥንድ።* ሁለት ኪው ይዛችሁ 9፣ 8፣ 7 ሲወጣ። ከቶፕ ፔር የሚሻል ይመስላል። በስሜት ይሻላል፤ በተግባር ያው አንድ ጥንድ ነው። የሚያሻሽለው ሁለት ካርታ ብቻ ነው። የቶፕ ፔሩ አስ ኬ እንኳ አምስት አለው።

ከዚያ እሑድ በኋላ የሆነ ነው። ሁለት ኪው አለኝ፣ ዳይመንድና ክለብ። አራት ሰው ገባ፣ ፖቱ 80። ፍሎፑ 9 ኸርት፣ 8 ክለብ፣ 7 ኸርት። የመጀመሪያዋ 60 አስያዘች። ቀጣዩ ከፈለ። ከኋላዬ አንድ ሰው አለ። ዋጋው 23 በመቶ ነው፤ የኋለኛው ሰው ካልጨመረ። ጣልኩት። ጨዋታው ሲያልቅ ሴትየዋ 10 እና 9 ስፔድ ገለጠች። ሰውየው አስ እና 5 ኸርት፣ ያልሞላ ፍላሽ። ተርኑም ሪቨሩም ባዶ። ኪው ኪው ያሸንፍ ነበር!

ነደደኝ። ቤት ገብቼ ግን ቆጠርኩት። የሦስታችን ካርታ ሲታወቅ የቀሩት 43 ናቸው። ከነዚያ ውስጥ 22ቱ ተርን ላይ ቢወጡ ከሁለት አንዳቸው ያልፉኛል፦ 6ዎቹና ጄዎቹ ስትሬት ይሰጧታል፣ 10ሮቹና 9ኞቹ ያሻሽሏታል፣ ኸርቶቹና አሶቹ የሰውየው ናቸው። ከግማሽ በላይ! የሪቨሩን ሳልቆጥር። ከሁሉም የሚመራ ካርታ ይዤ፣ ሊያልፉኝ በተሰለፉ ሁለት ሰዎች መሃል ነበርኩ። በርግጥ ፍሎፑ ኪው የማይፈራው ዓይነት ቢሆን፣ ለምሳሌ 9፣ 4፣ 2 በሦስት የተለያየ ዓይነት፣ ባልጣልኩት ነበር።

*ታችኛው ሁለት ጥንድ።* ኬ፣ 9፣ 8 ላይ 9 እና 8 መያዝ። ፍሎፕ ላይ የሚጣል አይደለም። ቶሎ ሬይዝ የሚደረግበት ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜው አጭር ነው። ኬ ቢደገም ማንኛውም ኬ የያዘ ሰው ይቀድማችኋል። ሌላው የሚረሳ አደጋ ደግሞ አለ፦ ተርኑ 2፣ ሪቨሩ 2 ቢሆን፣ አስ ኬ የያዘው ሰው ኬና 2 ሁለት ጥንድ ሆኖለት የእናንተን 9 እና 8 ይበላል። እሱ ምንም ሳያደርግ። ወደ ፉል ሃውስ የሚወስዳችሁ አራት ካርታ ብቻ ነው፤ እስከ ሪቨር 16.5 በመቶ። ስለዚህ ፍሎፕ ላይ ተዋጉ። ተርን ላይ ሦስተኛ ኸርት ወጥቶ አንዱ አስይዞ ሌላው ከከፈለ፣ ልባችሁ እየደማም ቢሆን ጣሉት።

*ትንሽ ሦስት ተመሳሳይ።* ሁለት 4 ይዛችሁ ኪው፣ 9፣ 4። ጥንድ ይዞ ፍሎፕ ላይ ይሄን ማግኘት 11.8 በመቶ ነው፤ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ። ከዚህ በላይ ቆንጆ ነገር አይመጣም። ፍሎፕ ላይ ልጣለው ብላችሁ ካሰባችሁ ጨዋታው አስፈርቷችኋል፣ ሂዱና ተኙ። ፍሎፑ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ፍላሹ ሞልቶለት ቢሆን እንኳ፣ እስከ ሪቨር ፉል ሃውስ የመሥራት ዕድላችሁ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው። የሚጣለው ሪቨር ላይ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ አራት ኸርት ተደርድሮ፣ ከፊታችሁ ማስያዝም ሬይዝም ካለ።

*ትንሽ ያልሞላ ፍላሽ እና የአስ ያልሞላ ፍላሽ።* እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ዋጋቸው አንድ ሆኖ ዕጣቸው ይለያያል። ፖቱ 75። አንዱ 50 አስያዘ፣ ሁለት ሰው ከፈለ። እናንተ 50 ከፍላችሁ 225 ትፈልጋላችሁ። 18 በመቶ ያስፈልጋል። ፍላሽ በሚቀጥለው ካርታ የመሙላት ዕድሉ 19 በመቶ ነው። ሁለቱም በስሌት ያዋጣሉ።

አሁን ሦስተኛው ኸርት ወጣ እንበል። አስ ኸርት የያዘው ሰው ይስቃል፤ ሌላው ትንሽ ፍላሽ ሞልቶለት ከሆነ ደግሞ ያን ሰው ሙልጭ ያደርገዋል። 7 እና 6 ኸርት የያዘው ግን ያስያዘ ሁሉ ያስፈራዋል። ከከፈሉት ሁለቱ አንዱ እሱም ኸርት እየጠበቀ ቢሆንስ? የእናንተን ሁለት ካርታ እሱ ይዞታል ማለት ነው፤ ዕድላችሁ ቀነሰ። ከሞላም ትበለጣላችሁ። ሰው ሲጨመር የአስ ፍላሽ ዋጋው ይረክሳል፣ ትርፉ ይበዛል። ትንሹ ፍላሽ ግን ሰው በጨመረ ቁጥር ወጥመድ ይሆናል። እኔ ትንሹን ዙሩ እኔ ላይ የሚዘጋ ካልሆነ በቀር መጣል ለምጃለሁ። ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኛል። ይበሉኝ።

*የታችኛው ጫፍ ስትሬት።* 6 እና 5 ይዛችሁ 9፣ 8፣ 7። ፍሎፕ ላይ ሬይዝ አድርጉ። ተርኑ 10 ከሆነ ግን አንድ ጄ የያዘ ሰው ሁሉ ይበልጣችኋል። አንድ ጊዜ ቼክ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ አስይዞ ሌላው ከጨመረበት ቦታውን ለቀቅ ነው።

*መካከለኛ ጥንድና ትናንሽ ጥንዶች።* አራት ሰው ባለበት የመጀመሪያው ማስያዝ ላይ ጣሉ። አለቀ።

ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ

«ሶልቨሩ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ጠረጴዛችሁ ላይ አይጠፋም። ፖከርን የሚፈቱት ፕሮግራሞች ጠንካራ የሆኑት በዋናነት ሁለት ሰው ባለበት ፖት ነው። ሁለት ሰው ያለ ገደብ የሚጫወተውን ሆልደም ሊብራቱስ የተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በ2017 ባለሙያዎችን አሸንፎበታል። ስድስት ሰው ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ፕሉሪበስ የመጣው በ2019 ነው። ሰው ከሁለት ሲበልጥ ሒሳቡም ይለወጣል፤ ሁለት ሰው ሲጫወት «እንዲህ ከተጫወትክ በረጅሙ አትሸነፍም» የሚል ዋስትና አለ፣ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ያ ዋስትና ይፈርሳል። ስለዚህ ከሁለት ሰው ፖት የተቀዳ ምክር አምስት ሰው ላይ አትለጥፉ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| እጁ | አንድ ተቃዋሚ ብቻ ሲኖር | አራትና አምስት ሰው ሲሆን | የሚጣልበት ምልክት |
|---|---|---|---|
| ቶፕ ፔር ከጥሩ ኪከር ጋር | እስከ መጨረሻ ይሄዳል | አንድ ጊዜ ማስያዝ | ሬይዝ፣ መሃል የከፈለ ሰው እያለ |
| ቶፕ ፔር ከደካማ ኪከር ጋር | ሁለት ጊዜ መክፈል | ቼክ፣ ቢበዛ አንድ ኮል | ሁለተኛው ማስያዝ |
| ከጠረጴዛው በላይ ያለ ጥንድ | እስከ መጨረሻ ይሄዳል | እንደ ፍሎፑ ዓይነት | የተያያዘ ፍሎፕ፣ ማስያዝና ኮል ከፊት |
| ታችኛው ሁለት ጥንድ | ሬይዝ | ፍሎፕ ላይ ሬይዝ | ትልቁ ካርታ ሲደገም ወይም ፍላሽ ሲሞላ |
| ትንሽ ሦስት ተመሳሳይ | ሬይዝ | ሬይዝ | ሪቨር ላይ ብቻ፣ አራት አንድ ዓይነት ሲደረደር |
| የአስ ያልሞላ ፍላሽ | ዋጋው ከተመቸ | የበለጠ ይመቻል | ፖቱን የሚያክል ማስያዝ፣ ጥቂት ሰው ሲቀር |
| ትንሽ ያልሞላ ፍላሽ | ይከፈላል | ዙሩን የምትዘጉ ከሆነ ብቻ | ከኋላ ሰው ካለ |
| የታችኛው ጫፍ ስትሬት | እስከ መጨረሻ ይሄዳል | ፍሎፕ ላይ ሬይዝ | የሚበልጠውን ስትሬት የሚሠራ ካርታ ሲወጣ |

ሰንጠረዡ መነሻ ነው። ፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው አያውቀውም።

ለማን የቱ ይሻላል?

ከ200 እስከ 300 ዶላር ይዞ የ1 እና 3 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከላይ ያለው ሁሉ በቀጥታ ይሠራል። በዚህ ደረጃ ሰው ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት ሬይዝ ያደርጋል። ሬይዙን እመኑት። ከአንድ ጥንድ ጋር የሚደረግ ጀግንነት እዚህ አያዋጣም።

60 ወይም 80 ዶላር ብቻ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ፍሎፕ ሲወጣ ፖቱ 60፣ ፊታችሁ ያለው 50 ቢሆን፣ ቶፕ ፔር ከጥሩ ኪከር ጋር አትጣሉ። ልትታለሉበት የሚችሉት ብር ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። በትንሽ ብር ሲጫወቱ የሚከብደው ፍሎፕ ሳይወጣ መጣል ነው፤ ኬ ጄ፣ አስ 10 የመሳሰሉትን ከሦስት ሰው በኋላ አትግቡባቸው።

2 እና 5 ዶላር ላይ፣ ከ1,000 ዶላር በላይ ይዞ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከኔ በላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልገዋል። ብሩ ሲከመር ታችኛው ሁለት ጥንድ እንኳ ብርቱ ጥያቄ ይሆናል። ትናንሽ ጥንዶችና የአስ ፍላሾች እዚያ ያምራሉ፤ ሲሞላላቸው የሚሰበሰበው ብዙ ነው።

ውድድር ላይ ከሆናችሁ፣ በተለይ ሽልማቱ ሊጀመር ጥቂት ሰው ሲቀር፣ የምታጡት ቺፕ ከምታገኙት በላይ ያማል። ከወጣችሁ ወጣችሁ፣ እንደገና መግዛት የለም። ዋጋው 24 በመቶ ሆኖ ዕድላችሁ 30 ቢሆን እንኳ ደስ አይበላችሁ።

የቤት ኪራይ ብር ይዞ ለተቀመጠ ሰው የትኛውም ሰንጠረዥ አይሠራም። ሲፈራ የሚጣለውን ይይዛል፣ የሚያዘውን ይጥላል። ቤቱ ይሂድ።

ቅዳሜ ማታ ከጓደኛ ጋር፣ በ20 ዶላር፣ ክትፎ በልታችሁ ለምትጫወቱት ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ሰፈር ኮንከር ስንጫወት የደረሰህን ይዘህ እስከ መጨረሻው ነበር። ያ ልማድ ሆልደም ላይም ተከትሎን መጥቷል፤ ማንም አይጥልም። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ብላፍ አታድርጉ፣ ጥሩ ሲሆን አስይዙ፣ አራት ሰው እየተከተለ ያ ሁልጊዜ ዝም የሚለው ጓደኛችሁ ድንገት ሬይዝ ካደረገ ጣሉ።

ስትጥሉ ደግሞ ካርታውን ገልጣችሁ አታሳዩ። እኔ ያን ኪው ኪው ስጥል ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው አሳየሁት፤ እዩኝ፣ እንዴት ያለሁ ጥብቅ ተጫዋች ነኝ ለማለት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛው በሙሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ 10 ዶላር ባስያዝኩ ቁጥር አንዱ 40 እየገፋብኝ አመሸሁ።